በውርጭ ማለዳ አልነሳ የሚል የናፍጣ መኪና፦ ብልሽቱን ከድምፅና ከጭስ መለየት

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ፋብሪካ፣ መጋዘንና የከባድ ተሽከርካሪ ጋራዥ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ከአማራ ክልል ደጋማ ወረዳዎች ገብስ፣ ድንች፣ በግና ወተት ይዘው ወደ መዲናዋ የሚገቡ የጭነት መኪናዎች ሲታመሙ እንዲህ ባሉ ጋራዦች መታየታቸው የተለመደ ነው። አንድ ሕመም ግን ወደ ጋራዡ ሳይገባ መንገድ ላይ ይጠፋል። ደብረ ብርሃን አድሮ ንጋት 12 ሰዓት ላይ አልነሳ ብሎ አሽከርካሪውንና ረዳቱን ሲያስጨንቅ የነበረ አይሱዙ፣ እኩለ ቀን ላይ ቃሊቲ ደርሶ መካኒኩ ቁልፉን ሲያዞረው በአንድ ጊዜ ይነሳል። መካኒኩ የሚያየው ጤነኛ መኪና ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ በግምት ይሆናል። መጀመሪያ ባትሪ ይቀየራል፤ አልሆን ሲል ሞተሪኖው ይፈታል፤ በመጨረሻም የናፍጣ ፖምፓው ይወርዳል። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ወደ ደጋው የተመለሰው መኪና በማግስቱ ማለዳ እንደ በፊቱ ዝም ይላል።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቃሊቲ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደብረ ብርሃን 2 ሺህ 840 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። መንገዱ ወደ ጣርማ በር ሲቀጥል ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ይወጣል፤ በመንዝ መሐል ሜዳም እንዲሁ ከፍታው ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል። በሰሜን ጎንደር ከደባርቅ ተነስቶ በስሜን ተራሮች በኩል ወደ ጃናሞራ የሚሻገረው መንገድ ደግሞ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሆነ ቦታ አለው። በበጋው ወራት፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት ታጣለች፤ ውርጭም ይወርዳል። አርሶ አደሩ ይህን ሌሊት የሚያውቀው ባቄላውንና ገብሱን ሲያቃጥልበት ነው፤ አሽከርካሪው የሚያውቀው ደግሞ ንጋት ላይ ቁልፉን ሲያዞር ነው።

የአንድ ማለዳ መዘግየት ቀላል ነገር አይደለም። ወተት የጫነን መኪና ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ብርዱ ለወተቱ ወዳጅ ነው፤ ሌሊቱን ሳይበላሽ ያቆየዋል። ፀሐይ ወጥታ ጀሪካኑ መሞቅ ሲጀምር ግን በወተቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በፍጥነት ይራባሉ፤ አሲዱም ይጨምራል። ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የተነሳ መኪና ያደረሰውን ወተት ተረካቢው ለክቶ ሊመልሰው ይችላል፤ ኪሳራውም በሾፌሩ ሳይሆን ላሟን ባለበችው ሴት ላይ ያርፋል። በግ የጫነ ገበያ ያመልጠዋል፤ ድንች የጫነም ዋጋ ከወረደ በኋላ ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን መኪናውን በግድ ለማስነሳት ሲባል የሚደረገው ነው፤ እሳት፣ ቁልቁለትና ስፕሬይ ሞተርንም ሰውንም ይጎዳሉ።

ብርዱ ራሱ ብልሽት አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ከእነዚህ ከፍታዎች በእጅጉ በሚበርዱ አገሮች የናፍጣ መኪናዎች በየማለዳው ይነሳሉ። ብርድ የሚያደርገው ቀድሞ የደከመውን ክፍል ማጋለጥ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ብርዱን ምን እናድርገው?» ሳይሆን «የትኛው ክፍል ደክሟል?» የሚለው ነው። መልሱም በአብዛኛው የሚገኘው አሽከርካሪው በዚያው ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ባየውና በሰማው ነገር ውስጥ ነው።

ናፍጣ ያለ ብልጭታ እንዴት ይነዳል?

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በተሳካ ሁኔታ ያሳየው ሞተር ከቤንዚን ሞተር የሚለየው በአንድ ዋና ነገር ነው። ነዳጁን የሚያቀጣጥል የኤሌክትሪክ ብልጭታ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ከ16 እስከ 22 እጥፍ ድረስ ይጨምቀዋል። በዚህ መጠን የተጨመቀ አየር ይግላል፤ በሞቀ ሞተር ውስጥ ከ500 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይደርሳል። በዚህ የጋለ አየር ላይ ናፍጣው በኖዝል ተረጭቶ በራሱ ይቀጣጠላል። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፖምፓ የነፋ ሰው የፖምፓው ጫፍ ሲሞቅ ተሰምቶት ያውቃል፤ ነገሩ ያው ነው።

እንግዲህ ሞተሩ እንዲነሳ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። ሞተሪኖው ሞተሩን በበቂ ፍጥነት ማዞር አለበት፤ ናፍጣው በጊዜውና በደቃቁ ተረጭቶ መድረስ አለበት፤ የተጨመቀው አየርም በበቂ ሁኔታ መጋል አለበት። ብርድ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይፈታተናል። ባትሪውን ያደክማል፤ ዘይቱን ያወፍራል፤ የሲሊንደሩ ግድግዳም የተጨመቀውን አየር ሙቀት ይመጠምጠዋል። ሲገባ አንድ ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር ተጨምቆ ሲያበቃ ከሁለት ዲግሪ በላይ ቀዝቅዞ ይገኛል።

በደጋው ላይ ከብርዱ ጋር ከፍታው ይጨመራል። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር የሳሳ በመሆኑ ተጨምቆ የሚያገኘውን ሙቀት ለቀዝቃዛው ብረት በቀላሉ ይነጠቃል። በመሆኑም ጅቡቲ ወደብ ላይ ምንም ችግር ያልነበረበት፣ ፋሻው ግን በመጠኑ የተበላ ሞተር ጣርማ በር ላይ ሊለግም ይችላል። የሞተሩ ጉድለት በሁለቱም ቦታ ያው ነው፤ ወደቡ ላይ ሙቀቱ ሸፍኖት ነበር።

በማለዳ ምን ይታያል? ምን ይሰማል?

አሽከርካሪው ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ረዳቱ ከኋላ ቆሞ የጭስ ማውጫውን እንዲመለከት ማድረግ ይገባዋል። ይህ ቀላል ነገር ከብዙ ግምት ያድናል። ሞተሩ እንዴት ዞረ? ጭስ ወጣ ወይስ አልወጣም? ወጥቶ ከሆነ ምን ዓይነት ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች መንገዱን በሦስት ይከፍሉታል።

የመጀመሪያው ሞተሩ እያቃሰተ በዝግታ ሲዞር ወይም ቀጭ ብሎ ሲቀር ነው። እዚህ ላይ ናፍጣውንና ኖዝሉን መነካካት አያስፈልግም፤ ጉዳዩ የጉልበት ነው። ባትሪ በውስጡ ባለ ኬሚካላዊ ሂደት ኃይል የሚሰጥ በመሆኑ ሙቀት ሲቀንስ ሂደቱ ይዘገያል። በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል፤ ሞተሩ ደግሞ በዚያው ሰዓት ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። ሌሊቱን ሳይነካ ያደረ ጤነኛ የ12 ቮልት ባትሪ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህሉ ባዶ ነው። ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም በቂ ኃይል አልሞላም። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ 14 ቮልት አካባቢ መታየት አለበት፤ ካልታየ አጥፊው ዲናሞው ነው፤ አዲስ ባትሪ መግዛትም ችግሩን ለጥቂት ቀናት ከማስታገስ አያልፍም። በ24 ቮልት መኪናዎች ላይ ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል።

ባትሪውን ከመኮነን በፊት ግን ማሰሪያው መታየት አለበት። በባትሪው ጫፍ ላይ የሚያድገው ነጭና አረንጓዴ ጨው የኃይሉን መንገድ ይዘጋል። አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ሞተሪኖው ለጥቂት ሰከንዶች ተሞክሮ እንዳልሆነ ቁልፉን ማጥፋትና የገመዶቹን ጫፎች በጥንቃቄ በእጅ መዳሰስ ነው። ከሌላው ተለይቶ የሞቀ ጫፍ ካለ መገናኛው እዚያ ላይ ላልቷል ወይም ቆሽሿል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከባትሪው ወደ ሻሲው፣ ከሻሲው ደግሞ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የኔጋቲቭ ገመድ ነው፤ ከታች ጭቃና ዘይት ለብሶ ስለሚቀመጥ ዐይን አያርፍበትም። ለማጽዳት ኔጋቲቩን ቀድሞ መፍታት፣ ጫፎቹን በሙቅ ውሃና በሶዳ ማጠብ፣ በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግና ሲመለስ ኔጋቲቩን መጨረሻ ማሰር ነው። ሥራው ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

በ24 ቮልት መኪና ላይ ሁለት ባትሪዎች ተቀጣጥለው ይሠራሉ። ቴፕ ወይም ስልክ መሙያ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ ተስቦ ከሆነ ያ ባትሪ ሁልጊዜ እየጎደለ፣ ሌላው ደግሞ ከመጠን በላይ እየተሞላ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። አንዱን አሮጌ ትቶ አንዱን አዲስ መግዛትም ቁጠባ መስሎ የሚታይ ኪሳራ ነው፤ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይሄዳል።

ባትሪውም ገመዱም ደኅና ሆኖ ሞተሩ አሁንም ከከበደው ዘይቱን መጠየቅ ነው። በዘይት ዕቃ ላይ «15ደብሊው-40» የሚል ጽሑፍ ሲነበብ የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ያለውን ጠባይ፣ ሁለተኛው በሙቀት ጊዜ ያለውን ውፍረት ያመለክታል። «40» ብቻ የተጻፈበት ዘይት በብርድ ላይ ምንም ዋስትና የለውም፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ማር ይወፍራል። ሞተራቸው ዘይት መብላት የጀመረባቸው ባለንብረቶች ይባስ ብለው «50» ይሞላሉ። ቆላ ላይ ይህ ለጊዜው ያስታግስ ይሆናል፤ ደጋ ለሚያድር መኪና ግን ሞተሪኖውን ማሰቃየት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሞተሩ በደንብ እየዞረ ከጭስ ማውጫው ምንም ሳይወጣ ሲቀር ነው። ጭስ ከሌለ ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ አልደረሰም ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ባትሪ እስኪያልቅ ቁልፍ መስጠት ከንቱ ነው። በቅድሚያ የሞተር ማጥፊያው ወደ ቦታው መመለሱ ይታያል፤ በሽቦ የሚሳብ ከሆነ ሽቦው ዝጎ ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ቁልፉ ሲበራ ቀጭ የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ቀጥሎ የሚመጣው በደጋው ላይ ከብርድ ጋር እጅግ የሚምታታው ችግር ነው፤ አየር።

መኪናው ቆሞ ሲያድር በመስመሩ ውስጥ ያለው ናፍጣ ቀስ እያለ ወደ ጋኑ ይመለሳል፤ በቦታውም አየር ይገባል። ምክንያቱ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ፣ የላላ ማሰሪያ ወይም ፊልትሮ ሲቀየር በትክክል ያልተቀመጠ ጎሚኒ ሊሆን ይችላል። ቀን ላይ ቱቦው በሙቀት ለስልሶ ክፍተቱን ይዘጋል፤ ሌሊት በብርድ ደርቆ ይኮማተራል። ስለሆነም ችግሩ በማለዳ ብቻ ይታያል፤ ሾፌሩም ብርዱን ይወቅሳል። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ሁለት ደቂቃ ነው። ማለዳ፣ ቁልፍ ከመንካት በፊት፣ በፊልትሮው ራስ ወይም በፖምፓው ጎን ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር ድረስ መጫን። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ወዲያውኑ ከተነሳ ጉዳዩ የብርድ ሳይሆን የአየር ነው። መኪናው አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ሲያድር ወይም ጋኑ ሲጎድል ችግሩ የሚብስ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠናከራል። መካኒኩ በመስመሩ መካከል ለጊዜው እንደ ግሉኮስ ቱቦ ያለ ጥርት ያለ ቱቦ ቢያስገባ አረፋው በዐይን ይታያል።

ውሃም አለ። ማደያ በራቀባቸው ወረዳዎች ናፍጣ በበርሜልና በጀሪካን እየተቀዳ ይሸጣል፤ በርሜሉ ውጭ ሲቆም ዝናብና ጤዛ ይገባዋል። ግማሽ በሆነ የነዳጅ ጋን ውስጥ ያለው እርጥብ አየርም በሌሊት ቅዝቃዜ ወደ ውሃ ይለወጣል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ይቀመጣል፤ ውርጭ ሲወርድ ደግሞ በፊልትሮው ውስጥ ይረጋል። የውሃ መለያው ከሥሩ ባለው ብሎን በየሳምንቱ ሊፈስ ይገባል፤ በመስታወት ዕቃ ተቀድቶ ሲታይ ውሃው ከታች ተለይቶ ይቆማል። ጋኑን ማታ ሞልቶ ማደር ሌሊት የሚፈጠረውን ውሃ ይቀንሳል።

ናፍጣው ራሱስ ይረጋል? ናፍጣ በውስጡ ሰም አለው፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ሰሙ ይለያል፤ ነዳጁ እንደ ደመና ይደፈርሳል፤ ፊልትሮውም ይዘጋል። ይህ የሚጀምርበት ዲግሪ እንደ ነዳጁ አሠራር ይለያያል። ክረምታቸው በረዶ የሆኑ አገሮች ለወቅቱ የሚስማማ ናፍጣ ለይተው ያቀርባሉ፤ ለሞቃት አገር የተዘጋጀ ናፍጣ ደግሞ ቀድሞ ይደፈርሳል። በእኛ ደጋዎች ሰም የሚያስቸግርባቸው ማለዳዎች ጥቂት ናቸው፤ እነርሱም በጣም ከፍተኛ በሆኑት ቦታዎች ላይ። «ናፍጣው ረግቶ ነው» ከማለት በፊት በጠራ ጠርሙስ ትንሽ ቀድቶ ማየት ነው። ጥርት ያለ ከሆነ ሰሙ በከንቱ ተከሷል።

ሦስተኛው መንገድ ሞተሩ በደንብ እየዞረ ነጭ ጭስ ሲያወጣ ነው። ዐይን የሚያቃጥልና የጥሬ ናፍጣ ሽታ ያለው ከሆነ ነዳጁ ደርሷል፤ የሚያቀጣጥለው ሙቀት ግን አልተገኘም። በመካከለኛ የጭነት መኪናዎች ላይ በቅድሚያ የሚጠረጠረው የማሞቂያ ካንዴላ ነው። ይህ ካንዴላ እንደ ቤንዚን መኪናው ካንዴላ ብልጭታ አይሰጥም፤ እንደ ምድጃ ሽቦ ግሎ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ያሞቃል። ቁልፉ ሲበራ በዳሽቦርዱ ላይ የተጠቀለለ ሽቦ የሚመስል መብራት ይታያል፤ እስኪጠፋ መጠበቅ ያስፈልጋል። መብራቱ መሥራቱ ግን ካንዴላዎቹ ለመሥራታቸው ማረጋገጫ አይደለም። ከአራቱ አንዱ ከተቃጠለ መኪናው ይነሳል፤ ለጥቂት ደቂቃዎች ግን እየተንቀጠቀጠ ነጭ ጭስ ይተፋል። ሁለቱ ከተቃጠሉ በውርጭ ማለዳ የመነሳት ተስፋው የመነመነ ነው።

ለመፈተን የማገናኛው ሽቦ ከካንዴላዎቹ ራስ ላይ ይፈታና አነስተኛ የመፈተሻ አምፖል አንደኛው ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላኛው ከካንዴላው ራስ ጋር ይነካል። አምፖሉ ከበራ ሽቦው አልተቃጠለም፤ ካልበራ ካንዴላው ሞቷል። ሁሉም ደኅና ሆነው ኃይል ካልደረሳቸው ፊውዙንና ሪሌውን መመልከት ነው። ከባድ ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ የማሞቂያ ካንዴላ የላቸውም፤ አንዳንዶቹ አየሩን ከመግቢያው ላይ የሚያሞቅ መሣሪያ አላቸው፤ ሌሎቹም በጭመቃቸው ብቻ ይተማመናሉ። በእነዚህ ላይ ነጭ ጭስ ሲበዛ ጥያቄው በፍጥነት ወደ ሞተሩ ዕድሜ ይሄዳል። የተበላ ፋሻ፣ በሚገባ የማይገጥም ቫልቭ፣ ናፍጣውን እንደ ጉም መበተን ትቶ የሚያንጠባጥብ ኖዝል፣ ጊዜውን የሳተ ፖምፓ ሁሉ እዚህ ይመደባሉ። የጭመቃ መለኪያ የሌለው ጋራዥ እነዚህን በዐይን ሊለያቸው አይችልም። እንዲያውም መለኪያ ሳያስገባ «ሞተሩ ይውረድ» የሚል መካኒክ ሲገኝ ባለንብረቱ ሁለተኛ ሰው ቢያማክር ይሻለዋል።

ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልቆመና የራዲያተሩ ውሃ እየጎደለ ከሄደ ነገሩ ሌላ ነው። ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ስለሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

መደረግ የሌለባቸው

በደጋ ከተሞች ማለዳ በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ በእንጨት ላይ ጠምጥሞ አቀጣጥሎ በሞተሩ ሥር መያዝ የቆየ ልማድ ነው። ሐሳቡ ዘይቱን ማቅጠን ነው፤ በሞተሩ ሥር ግን የነዳጅ ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና ለዓመታት የተጠራቀመ ቅባት አለ። መኪናው ሲቀጣጠል ጭነቱም አብሮ ይሄዳል። ማሞቅ ካስፈለገ የፈላ ውሃ በጨርቅ ተነክሮ በናፍጣ ፊልትሮውና በአየር ማስገቢያው ላይ ቢጠመጠም ያግዛል፤ አደጋም የለውም።

በአየር ማስገቢያው የሚረጨው የማስነሻ ስፕሬይ በውስጡ ኤተር ይዟል። ኤተር ከናፍጣ እጅግ ቀድሞ ይቀጣጠላል፤ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ይፈነዳና ወደ ታች ይመታዋል። ፋሻ ይሰበራል፤ ፒስተንም ሊሰነጠቅ ይችላል። የማሞቂያ ካንዴላ ባለበት ሞተር ላይማ የጋለ ብረት ስለሚጠብቀው ፍንዳታው ወደ ውጭም ሊመለስ ይችላል። ስፕሬይ የለመደ ሞተር ያለ እርሱ አይነሳም ሲባል የሚሰማው እውነት አለው፤ ስፕሬዩ ራሱ ጭመቃውን ስለገደለው ነው።

ነጭ ጋዝ ከናፍጣ ጋር መቀላቀልም በአንዳንዶች ዘንድ እንደ መድኃኒት ይታያል። ናፍጣው ዘግይቶ እንዲደፈርስ ማድረጉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የናፍጣ ፖምፓውና ኖዝሉ የሚለሰልሱት በራሱ በናፍጣው ነው፤ ነጭ ጋዝ ይህን ልስላሴ ይቀንሳል። ቤንዚን መጨመር ከዚህም የከፋ ነው፤ ጋኑን ራሱን ለእሳት የቀረበ ያደርገዋል።

ሕይወት የሚቀጥፈው ግን ቁልቁለቱ ነው። ባትሪ የደከመበት ሾፌር ማታ መኪናውን ቁልቁል አቁሞ ከጎማው ሥር ታኮ ያስገባል፤ ማለዳ ረዳቱ ታኮውን ሲያነሳ መኪናው ይንደረደርና በማርሽ ይነሳል። በአየር ፍሬን የሚሠራ ከባድ መኪና ሞተሩ ካልሠራ አየር አይሞላም፤ ሌሊቱን ያደረው አየር ካለቀ ፍሬኑ እንደሚፈለገው አይታዘዝም። መሪውም ያለ ሞተር እርዳታ ይከብዳል። ሞተሩ ካልተነሳ ሾፌሩ የያዘው ፍሬን የሌለው፣ መሪው የከበደ፣ ጭነት የተሸከመ ብረት ነው። ታኮ የሚያነሳው ረዳት ደግሞ በጎማው ፊት ነው የሚቆመው።

ከሌላ መኪና ባትሪ መበደር ከዚህ ሁሉ ይሻላል፤ ሥርዓት ግን አለው። ሁለቱ መኪናዎች አንድ ዓይነት ቮልት ሊኖራቸው ይገባል፤ 12 ከ24 ጋር አይቀጣጠልም። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ጋር ከታሰረ በኋላ የኔጋቲቩ ገመድ የመጨረሻ ጫፍ ከደከመው ባትሪ ርቆ በሞተሩ ብረት ላይ ይታሰራል፤ ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ በብልጭታ ስለሚፈነዳ ነው። ሞተሪኖውም በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ ሊዞር አይገባም፤ በየሙከራው መካከል ቢያንስ የአንድ ደቂቃ ዕረፍት ያስፈልገዋል። ያለ ዕረፍት የተሠቃየ ሞተሪኖ ሽቦው ይቃጠላል፤ አንዱ ችግር ሁለት ይሆናል።

ሞተሩ እንደተነሳ ቤንዚን መርገጥ የብዙዎች ልማድ ነው፤ መኪናው ናፍጣ ቢሆንም «ቤንዚን» ማለቱ አልቀረም። ዘይቱ ወደ ላይኛው ክፍልና ቱርቦ ካለው ወደ ቱርቦው እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በዝግታ መሥራት፣ የአየር ፍሬኑ መለኪያ እስኪሞላ መጠበቅ፣ ከዚያም የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ሳያስጨንቁ መንዳት በቂ ነው። ግማሽ ሰዓት አስነስቶ ማቆምም ነዳጅ ማባከን እንጂ ጥቅም የለውም፤ ያለ ሥራ የሚዞር የናፍጣ ሞተር በደንብ አይሞቅም።

ወደ ጋራዥ ሲኬድ

የብርድ ችግር ያለበትን መኪና በእኩለ ቀን ጋራዥ አስገብቶ በማታው መውሰድ ትርፉ ጥቂት ነው። መኪናው እዚያው አድሮ መካኒኩ ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነካ፣ ራሱ ቢያስነሳው የተሻለ ነው፤ የቃሊቲ የታኅሣሥ ማለዳም ቢሆን የደከመ ካንዴላን ለማጋለጥ የሚበቃ ቅዝቃዜ አለው። ይህ ካልተቻለ ረዳቱ በስልኩ የሚቀርጸው የአንድ ደቂቃ ምስል፣ የሞተሪኖው ድምፅና የጭሱ ቀለም የተያዘበት፣ ከረጅም ገለጻ ይበልጣል። መኪናው የት እንዳደረ፣ ጋኑ ምን ያህል እንደነበረ፣ የእጅ ፖምፓው ሲጫን ለውጥ መኖር አለመኖሩና ዘይቱ መቼና በምን ዓይነት እንደተቀየረ አብሮ መነገር አለበት። በማለዳ በቀላሉ ተነስቶ ከሞቀ በኋላ ጠፍቶ አልነሳ የሚል መኪና ግን በዚህ ጽሑፍ የተባለው አይመለከተውም፤ እርሱ በአብዛኛው ያረጀ የናፍጣ ፖምፓ ምልክት ነው።

ውርጭ በሚወርድበት አካባቢ የሚያድር መኪና ራዲያተሩ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ብቻ ከሆነ ሌላ አደጋ አለበት። ውሃ ሲረጋ በመጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ብረት ይሰነጥቃል። ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ፀረ ብርድ ፈሳሽ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም፤ ዝገትም ይከላከላል። የአየር ፍሬኑ ጋኖች ከሥራቸው ባለው ማፍሰሻ ማታ ማታ ውሃቸው ሊወጣ ይገባል፤ ሌሊት የረጋ ጠብታ ማለዳ የፍሬኑን መስመር ይዘጋልና። ባትሪውንና ሞተሩን በብርድ ልብስ ሸፍነው የሚያድሩ ሾፌሮችም አሉ፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባላት ደብረ ብርሃን ይህ የሚያስገርም አይደለም። ጥቂት ይረዳል፤ ቁልፍ ከመዞሩ በፊት ግን ብርድ ልብሱ ከማራገቢያውና ከጭስ ማውጫው አካባቢ ሙሉ በሙሉ መነሳቱን ረዳቱ በእጁ ዳስሶ ማረጋገጥ አለበት።